ከዶዮ በስተግራ

ጉያቱ ደጇ ላይ አቧራው ውስጥ የታተመውን የቡጢ ምልክት በጫማዋ እያበሰች ሳለ ከአስፋልቱ ማዶ የጃዋር መኪና ጥሩምባ ጮኸ። ደነገጠች። ምልክቱ ሁለት ነው፤ አንዱን አጥፍታዋለች፣ ሁለተኛው ግን ጠለቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ አልጠፋላት አለ። የወተት ጀሪካን ጎትታ አስቀመጠችበትና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ቀና አለች።

የመጀመሪያው ምልክት የማን እንደሆነ የዱብሉቅ ከተማ ሁሉ ያውቃል። የወንድሟ የዶዮ ነው። ዶዮ ማለዳ ማለዳ፣ ወተት አምጪዎቹ ሴቶች ሳይደርሱ፣ ከቤት ይወጣና ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ያጎነብሳል። ቀኝ ቡጢውን መሬት ላይ ያሳርፍና በእንግሊዝኛ ቁጥር ያጉረመርማል። ጥቂት እንደዚያው ቆይቶ ይነሳል፣ ሻዩን ይጠጣል። አሜሪካ ስምንት ዓመት እንጀራ የበላበት ሥራ ነውና ጉያቱ ለምዳዋለች። ያልለመደችው ሁለተኛውን ነው። ከሃያ ቀን ወዲህ ከዶዮ ምልክት በስተግራ፣ አንድ እርምጃ ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ ሌላ ቡጢ ይታተማል። ይሄኛው ሰፋ ይላል። ቀለበት በሚደረግበት ጣት ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለው። እሱም የቀኝ እጅ ነው። ዶዮ ደግሞ ሁለት ቀኝ እጅ የለውም፤ ቀለበትም አያደርግም።

"ቦታ እየቀያየረ ሁለቴ አሳርፎት ይሆናል" ብላ ራሷን ለማታለል ሞክራ ነበር። ትናንት ግን በበሩ ስንጥቅ ቆማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። አንዴ አጎነበሰ፣ አንዴ ተነሳ። ሄዳ ስታይ ምልክቱ ሁለት ነው። ለማንም አልተናገረችም፤ ዱብሉቅ ላይ ለአንዲት ሴት ጠዋት የነገሩት ነገር ለምሳ ሞያሌ ይደርሳል።

ጃዋር የሁለቱም ታላቅ ነው። ነጌሌ ላይ እህልና ከብት ይነግዳል። ቁጭ ብሎ እንኳ የሚሮጥ የሚመስል ሰው ነው። ከመኪናው ሲወርድ ሁለት ደንዳና ጎረምሶች ተከትለውት ወረዱ። በእጁ ከነፕላስቲኩ ያለ አዲስ ጓጉንቸር ይዟል።

"አካም ቡልቴ፣ ጉያቱ?"

"ናጋ፣ ሰላም ነው። አንቱስ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?"

"መንገድ ያው መንገድ ነው። ያቤሎ አደርን። የዶዮን ልብስ አሰናዳሽ?"

ጉያቱ ጓጉንቸሩን አየችው። "ይሄ ለምንድነው?"

"ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ነጌሌ ክፍሉን ሠርቼ ጨርሻለሁ። በሩ ብረት ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ምግቡ ከእኔ ማዕድ ይሄድለታል፣ ልብሱ ይታጠብለታል። ወንድሜ ነው፣ ሜዳ ላይ አልጥለውም። ግን ሰው እስኪገድል ልጠብቅ?"

"ሺሬ አልሞተም እኮ።"

"ዛሬ የሺሬ ትከሻ ነው። ነገ የአንዱ አንገት ቢሆንስ?"

ሺሬ ጎረቤቷ ነው፤ ሻይ ቤት አለው። ያለፈው ሰኞ ስልኳን እሱ ጋ ረስታ ስትመጣ፣ ደግ ሰው ነውና፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ "ጉያቱ! ጉያቱ!" እያለ እየሮጠ መጣ። ዶዮ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። እንዴት እንደተነሳ ያየ የለም። ሺሬ ከውሃ በርሜሉ ጋር ተላትሞ ወደቀ፣ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። "ኢሱዙ የገጨኝ ነው የመሰለኝ" ይላል እስከ ዛሬ፣ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እየሳቀ። ጉያቱን ያስፈራት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ዶዮ የወደቀውን ሰው ዞር ብሎ አላየውም። ወደ ግራው፣ ማንም ወደሌለበት ዞረና መዳፉን ከፍ አድርጎ ወደ ባዶው አየር ሰነዘረ። ጧ የሚል ድምፅ ሰማች። መዳፍ ከመዳፍ ሲጋጭ የሚሰማው ድምፅ።

ያደጉት ነጌሌ፣ ከጦር ካምፑ አጥር ጎን ነው። በ1983 ግንቦት ወታደሩ ሲበተንና ከተማው ሲተራመስ አጎታቸው የአሥራ አንድ ዓመቱን ዶዮን ይዞ ሞያሌን ተሻገረ። ከዚያ ኬንያ፣ የስደተኞች ካምፕ፤ ከዚያ አሜሪካ። ከዓመታት በኋላ "ዶዮ እንደ ግንብ ገዝፏል፣ ኳስ ተጫዋችም ሆኗል፣ በቴሌቪዥን ይታያል" የሚል ወሬ መጣ። ነጌሌ ኮራች። አምና ሲመለስና ጉያቱ ዘንድ ዱብሉቅ ሲገባ የከተማው ጎረምሶች ሜዳውን ጠርገው፣ አዲስ ኳስ ገዝተው ጠበቁት። ዶዮ ኳሱን በሁለት እጁ አነሳና ደረቱ ላይ አቅፎ ቆመ። "በእግርህ! ምታው!" ብለው ጮሁ። መታ፣ ሳተው፣ በጀርባው ተዘረረ። ዱብሉቅ ለሦስት ቀን ሳቀች።

"የእኛ ኳስ በእጅ ነው" አላት ዶዮ፣ እሱም እየሳቀ።

"ታዲያ ለምን እግር ኳስ አላችሁት?"

"እኔ እንጃ። እኔማ በእጄም አልነካሁትም። በስምንት ዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ እሱንም ወድቆ አግኝቼው ነው።"

"ያለ ኳስ ምን ስትሠራ ነበር ታዲያ?"

"ከኋላዬ አንድ ሰው አለ። ኳሱ በእሱ እጅ ነው። እሱን ሊጥሉ እየሮጡ ይመጣሉ። እኔ መሃል እገባለሁ። የኔ ሥራ ያንን ሰው ማንም እንዳይነካው ማድረግ ነው።"

"በምን ታቆማቸዋለህ?"

ዶዮ በጣቱ ግንባሩን ነካ አደረገ።

ያ ግንባር ነው አሁን ጉድ የሠራው። ጠዋት ጠዋት ልቡናው ንጹሕ ነው፤ ከቀትር በኋላ ይደፈርሳል። ጉያቱን በሟች እናታቸው ስም ይጠራታል። ጫማውን ወተት ማቀዝቀዣው ውስጥ ያስቀምጣል። የአሜሪካ ሐኪሞች ምቱ አንጎሉን እንደጎዳው፣ የሄደውም እንደማይመለስ ነግረውታል። ካመጣው ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ሌላ የተገኘው አንድ ፎቶ ነው፤ ዶዮ የራስ ቁሩን ታቅፎ ቆሟል፣ በግራው በኩል ከእሱም የሚገዝፍ ጥቁር ሰው እጁን ትከሻው ላይ ጥሏል። ጣቱ ላይ ደንደን ያለ አራት ማዕዘን ቀለበት አለ፤ የዋንጫ ሽልማት ነው። ያ ሰው ሬይ ነው። ስምንቱንም ዓመት ከዶዮ በስተግራ የቆመ። የዶዮን በሽታ እሱ ቀድሞ ታመመ። "ቆለፉበት" ብሏታል ዶዮ አንድ ጠዋት። "ወንድሞቹ ናቸው። ክፉዎች አይደሉም። ፈርተው ነው የቆለፉበት። በመስኮት ወጣ። ክረምት ነበር። በሦስተኛው ቀን በረዶ ውስጥ ሞቶ አገኙት፣ ከደጁ ሳይርቅ።"

ስለዚህ የጃዋርን ጓጉንቸር ስታይ የታሰባት ያ የተቆለፈ በር ነው። ግን ምን ትበል? ሬይ ደጄ ላይ ነው ትበል?

"ዛሬ የከብቶቻችን የውሃ ተራ ነው" አለች። "ልጆቹ ሁሉ ወርቅ ብለው ሻኪሶ ሄደዋል፣ ጉድጓዱ ላይ ሰው ጎድሏል። ዶዮ ካልወረደ ከብቶቹ ሳይጠጡ ሊውሉ ነው።"

ጃዋር ሰዓቱን አየ። ከከብቶቹ መካከል የእሱም አሉበት። "እሺ፣ እንደጠጡ እንሄዳለን" አለ።

ከብቶቹ ረጅሙን የተቆፈረ ቁልቁለት ወርደው ገንዳው ጋ ሲደርሱ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ከገንዳው ሥር ጉድጓዱ ነው፣ ከጉድጓዱ ታች ደግሞ ፀሐይ የማያውቀው ውሃ። ከውሃው እስከ ገንዳው ወንዶች የድንጋይ እርከን ላይ አንዱ ካንዱ በላይ ይቆማሉ። ሙሉው ባልዲ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። ሥራው በዘፈን ነው፤ ዘፈኑ ከተሰናከለ ባልዲው ይወድቃል። የተራው ከብት ጠጥቶ እስኪያበቃ ድረስ ከሰልፉ የሚወጣ የለም። ሰልፍ የገባን ሰው አባቱም ቢሆን ጠርቶ አያስወጣውም።

የውሃውን ተራ የሚያስተዳድሩት ሽማግሌው ዲባ ናቸው። በበትራቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ። "ሰባት ናችሁ። እርከኑ ስምንት ነው። ዶዮ፣ ከበላይህ ያለው ባዶ ነው፣ አንተና ዳዳቻ ለሁለት ተካፈሉት። ትንሽ ከፍ በል።"

"አልችልም፣ አባ" አለ ዶዮ ከታች። "ተይዟል።"

"ማን ያዘው?"

"ሬይ።"

ከባዶው እርከን በላይ የቆመው ዳዳቻ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ዲባ አልሳቁም። እርከኖቹ ግራና ቀኝ እያሉ የሚወጡ ስለሆኑ ባዶው ከዶዮ በስተግራ፣ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሽማግሌው ያንን ድንጋይ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ውሃ ላይ ጠብም ክርክርም የለም" አሉ በመጨረሻ። "ጀምሩ።"

ጉያቱ ገንዳው አፋፍ ላይ ተንበርክካ ወደ ታች ታያለች። ዘፈኑ ተጀመረ። የመጀመሪያው ባልዲ ከጨለማው ወጣ፣ ዶዮ እጅ ገባ። ዶዮ ወደ ግራው ዘረጋ። ክንዱ ረጅም ነው፣ ዳዳቻ ጋ ይደርስ ይሆናል ብላ ተስፋ አደረገች። አልደረሰም። ባልዲው ከዶዮ እጅ ለቀቀ፣ ባዶው እርከን ላይ ለአንድ ዓይን ጥቅሻ ቆመ፣ ከዚያ ከፍ ብሎ ዳዳቻ እጅ ገባ። አልተወረወረም። የተወረወረ ባልዲ ይረጫል። ከዚህኛው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው መጣ። ጉያቱ ዓይኗን ትታ ጆሮዋን ጣለች። አዝማቹን የሚቀበሉትን ድምፆች አንድ በአንድ ለየቻቸው፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ሰባት። ከእነሱ ሥር ግን ሌላ አለ፤ ወፍራም፣ ትንሽ ዘግየት የሚል፣ ቃሉን የማያውቅ ሰው በዜማው ብቻ ሲከተል የሚያሰማው ማጉረምረም። ተነስታ መሮጥ ፈለገች።

ያልሮጠችው የዶዮን ፊት ስላየች ነው። ሰዓቱ ዘጠኝ ሆኗል። በዚህ ሰዓት ቤት ቢሆን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ እናቱን እየጠራ ነበር። አሁን ግን ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ ጥርሱ እየታየ፣ የዘፈኑን ቃል አንድም ሳያዛንፍ በቦረና ኦሮምኛ እየመለሰ ነው፤ በልጅነቱ የሰማውን ቃል። ከአምና ጀምሮ እንደዚህ ሙሉ ሆኖ አይታው አታውቅም። ደስታና ፍርሃት ተቀላቅሎባት አለቀሰች።

ከብቶቹ ጠጥተው ሲያበቁ ዳዳቻ ከሁሉ በፊት ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ጉያቱን በክርኗ ይዞ ወደ ዳር ወሰዳት።

"ዶዮ ቀለበት ያደርጋል እንዴ?"

"አያደርግም።"

ጠቋሚ ጣቱን አሳያት። ከመገጣጠሚያው ላይ ቆዳው ተልጦ ይደማል። "ባልዲ ስቀበል ነው። ደጋግሞ እዚያው ላይ ፋቀኝ። ትልቅ ቀለበት ነው፣ ማዕዘን ያለው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እጁ ደግሞ ይቀዘቅዛል። የውሃውን ቅዝቃዜ አውቀዋለሁ፣ እሱ አይደለም። እንዲህ ያለ ብርድ አገራችን ውስጥ የለም፣ ጉያቱ።"

"ለማን ትነግራለህ?"

"ምን ብዬ?" አለ ዳዳቻ፤ ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ሄደ።

ቤት ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኗል። ዶዮ እጁንና ፊቱን ታጥቦ ደጁ ላይ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጉድጓዱ ላይ የታየበት ብርሃን ከፊቱ እየሸሸ ነበር። ጉያቱ የልብሱን ሻንጣ ይዛ ከኋላው ቆመች። እስካሁን እሺም እምቢም አላለችም። ልቧ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይመላልሳል፤ ሺሬን ለምን? ለወራት ስንት ሰው በዶዮ ፊት አልፏል፣ ልጆች እግሩ ሥር ተጫውተዋል፣ በሬ ሳይቀር ታክኮት ሄዷል። ሺሬን ብቻ ለምን?

"ከብቶቹ ጠጡ፣ በቃ!" አለ ጃዋር ከመኪናው በኩል። ለጎረምሶቹ ምልክት ሰጠና እንደ ልማዱ ሻንጣውን ሊቀበላት እየሮጠ ወደ ጉያቱ መጣ። ጎረምሶቹም በሁለት በኩል ተከተሉት።

ዶዮ ተነሳ። በርጩማው ሳይወድቅ፣ አቧራው ሳይነሳ፣ በእነሱና በጉያቱ መሃል ነበር። አጎነበሰ፣ ቀኝ ቡጢውን መሬት ላይ አሳረፈ። የሰፈሩ ውሾች በአንዴ ጸጥ አሉ። በቀኝ በኩል የሚመጣው ጎረምሳ እግሩ ተተክሎ ቀረ። ዶዮን አልነበረም የሚያየው። ዓይኑ ከዶዮ በስተግራ ባለው ባዶ መሬት ላይ ፈጦ፣ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

"ሁለት ናቸው እንዴ?" አለ በቀጭን ድምፅ።

ያኔ ነው ለጉያቱ የተገለጠላት።

"ቁሙ!" ብላ ጮኸች። "ጃዋር፣ ቁሙ! ወደ እኔ አትሩጡ!"

ጃዋር ቆመ። በሕይወቱ በሰው ቃል ሲቆም አይታው አታውቅም።

"ሺሬ ወደ ዶዮ አልነበረም የሚሮጠው" አለች። "ወደ እኔ ነበር። አንቱም አሁን ወደ እኔ ነው የሮጡት። ሥራው ነው። አብዶ አይደለም፣ ሥራው ላይ ነው።"

ሻንጣውን መሬት አኖረችና እጇን በዶዮ ጀርባ ላይ አሳረፈች። ከሸሚዙ ሥር ሰውነቱ እንደ ተወጠረ ገመድ ጠንክሯል። ይሄን ሁሉ ዓመት ሜዳ ላይ ትቶት የሄደ ሁሉ፣ አሠልጣኙም ሐኪሙም፣ ጨዋታው ማለቁን ሳይነግረው እንደሄደ ገባት። በጣም አዘነችለት።

"በቃ ዶዮ" አለችው። "አልቋል።"

"አልቋል?" አለ ቀና ሳይል። "ማን አሸነፈ?"

ጉያቱ ስለ ጨዋታው የምታውቀው እሱ የነገራትን አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ማንም አልነካኝም" አለችው።

ትከሻው ወረደ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ቀና አለ፣ ወደ ግራው ዞረ። መዳፉን አነሳ። ጧ! በዚህ ጊዜ ጃዋርም ሰማው፤ የያዘው ጓጉንቸር ከእጁ አምልጦ ወደቀ።

ጃዋር ዝቅ ብሎ አነሳው። ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየውና ኪሱ ከተተው። ወደ ጎረምሶቹ ሲዞር ሁለቱም መኪናው ውስጥ ገብተው መስታወቱን ዘግተዋል።

"ለብቻሽ ትችይዋለሽ?" አላት።

ጉያቱ ከዶዮ በስተግራ ያለውን ቦታ አየች። አሁንም ትፈራዋለች። "ለብቻዬ አይደለሁም" አለች።

ጃዋር ሊሰናበታት መጣ፤ እጆቹን ዘርግቶ፣ መዳፎቹን እያሳየ፣ አንድ እርምጃ ብሎ እየቆመ፣ ከዶዮ ዓይን ዓይኑን ሳይነቅል። ከመኪናው እስከ እሷ አሥር እርምጃ አይሞላም፤ ጃዋር ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ትከሻዋን ሳማት። ዶዮንም ሳመው፣ ዶዮም ስሙን ጠርቶ "ናጋ፣ ጃዋር" አለው።

መኪናው ከሄደ በኋላ ጉያቱ የልብሱን ሻንጣ ወደ ቤት መለሰች። ከዚያ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣችና ደጇን መጥረግ ጀመረች። ጠዋት ሁለተኛው ምልክት ላይ የጫነችው ጀሪካን ጋ ስትደርስ ቆመች። ጀሪካኑን በሁለት እጇ አንስታ ከግድግዳው አስጠጋችው። ምልክቱ ከነቀለበቱ አልጠፋም። መጥረጊያዋን ዙሪያውን አዞረችና ቀሪውን ደጅ ጠረገች።